ማንኳኳት የማይወድ ሰው

ሳማታር ትወናን የተወው በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ነው። ጅጅጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ጋዜጠኞች ምክንያቱን ሲጠይቁት "ደከመኝ" እያለ ያልፋቸው ነበር፤ እውነቱን የነገረው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ያቺ ሴት ደግሞ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች።

የሌላ ሰው ሚስት ስላልኩ ግን ቸኩላችሁ አትፍረዱባቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሳማታርን ከመድረክ ጋር ያስተዋወቁት ከጎንደር ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩት የአማርኛ መምህር ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው። ለወላጆች ቀን ባዘጋጁት ትያትር ውስጥ ዛፍ ሆኖ እንዲቆም አደረጉት። ዝም ብሎ በቆመበት ተመልካቹ ዋናውን ተዋናይ ትቶ እሱን ሲያይ ዋለ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮውን ይዘው፣ "አንተ ልጅ፣ ዛፍ ሆነህ እንኳ ዝም አትልም እኮ!" አሉት እየሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቁትም። በባህል አዳራሹ መድረክ ሽማግሌ ሆነ፣ ሌባ ሆነ፣ ሱልጣን ሆነ። ጋሽ ወልደሥላሴ ጡረታ ወጥተው የቴሌቪዥን ድራማ ማዘጋጀት ሲጀምሩም መጀመሪያ የጠሩት እሱን ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ በታመሰች ጊዜ ቤተሰባቸው ወደ ሐረር ሲሄድ እሳቸው "ትያትሬን ጥዬ ወዴት?" ብለው የቀሩ ሰው ናቸው።

በ2011 የረመዳን ወር ሰው ጾሙን ካፈጠረ በኋላ በየቤቱ የሚያየው ድራማ የእነሱ ነበር። ሳማታር ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ለመግባት ከቤቱ የሚወጣ ወጣት ሆኖ ይሠራል። እናቱን ሲሰናበት እንዲናገር የተጻፈለት "መርቂኝ" የሚል ቃል ብቻ ነው። ሳማታር "መርቂኝ" አለ፤ ተመረቀ፤ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ ፈገግ አለና፣

"እማ፣ በሩን እንዳትዘጊው። እኔ ማንኳኳት አልወድም" አለ።

እናት ሆና የምትጫወተው ሴት ከምር አለቀሰች። ጋሽ ወልደሥላሴም ወደዱት።

"ከየት አመጣኸው?" አሉት።

"እኔ እንጃ ጋሼ። አፌ ላይ መጣ።"

እውነቱን ነው። ከየት እንደመጣ አያውቅም። የሚያውቀው፣ ቃሉን ሲናገር ምላሱ ላይ የባሕር ውሃ የመሰለ ጨው መቅመሱን ነው። በማግሥቱ የባጃጅ ሾፌሮች በመንገድ ላይ "ሳማታር፣ በሩን አልዘጋነውም!" እያሉ ያሾፉበት ጀመር። እሱም ይስቃል። የሳቀው ግን ሁለት ሴቶች ከሀርሺን ከተማ እስኪመጡ ድረስ ነው።

አሮጊቷ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በነፋስ የተፋቀ ሴት ናቸው። የቴሌቪዥን ጣቢያውን ዘበኛ "ልጄ እዚህ ውስጥ ነው" ብለው በር ላይ ቆሙ። ጎናቸው ጥቁር አረንጓዴ ጅልባብ የለበሰች ወጣት ሴት ክንዳቸውን ይዛለች። ሳማታር ተጠርቶ ሲወጣ አሮጊቷ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ፊቱ ላይ አኖሩ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ዳሰሱት።

"አይደለህም" አሉ። "የኔ ልጅ አጭር ነው። ፊቱም ክብ ነው።" ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እስቲ ያንን ቃል በለው።"

ሳማታር መከራ ያመጣቸው መስሎት አዘነላቸውና ተናገረው። በሩን እንዳትዘጊው። እኔ ማንኳኳት አልወድም።

አሮጊቷ ክንዱን ጨብጠው ያዙት። "እሱ ነው!" አሉ፤ ወጣቷ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ሳማታርን አየችው። ሳማታር የሰው ዓይን የለመደ ሰው ነው፤ የአድናቂ ዓይን፣ የቀናተኛ ዓይን፣ የኮረዳ ዓይን። እንዲህ ያለ አስተያየት ግን አይቶ አያውቅም። የሟች ወንድሟን ልብስ ባዕድ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ ያየች ሴት ትመስላለች።

"እኔ ሂባቅ እባላለሁ" አለችው። "እሳቸው የባሌ እናት ናቸው። ልጃቸው ዐብዲዐዚዝ ይባላል። ኒካህ አስረን ሰርጉ ሳይደገስ ነው በአይሻ በኩል ወደ ባሕሩ የሄደው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አይቶታል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ያንን ቃል ሲናገር የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።" አንድ እርምጃ ቀረበችው። "ከማን ሰማኸው?"

"ከማንም።"

"ትዋሻለህ።"

አሮጊቷን አንስታ ሄደች። ሳማታር በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ሲቆም ኖሮ ማንም እንዲያምነው እንዲህ አጥብቆ ፈልጎ አያውቅም።

*

ሂባቅ ጅጅጋ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት፤ አሮጊቷ የሚኖሩት ሀርሺን ነው። ብዙም ሳይቆይ ሳማታር ዘንድ ተመልሳ መጣች። ሁሉም "ሆዮ"፣ እናታችን፣ የሚላቸው አሮጊቷ ሀምዲያ ታመው ምግብ አልበላም ብለዋል።

"አላምንህም" አለችው ፊቷን ሳታቀና። "ግን እሳቸው አንተን ካላዩ አይበሉም። አንድ ቀን ብቻ ሀርሺን ድረስ ና።"

ሄደ። የሆዮ ሀምዲያ ቤት ከከተማው ዳር፣ ቢርካ ከሚሉት የዝናብ ውሃ ማቆሪያ አጠገብ ነው። ከሩቅ ሲታይ ቤቱ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው ይመስላል፤ በሩ አይዘጋም። አሸዋው ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተከምሯል። ሌሊት ጅብ እስከ ደፉ ድረስ እንደሚመጣ ጎረቤቶች ነገሩት፤ ሆዮ ግን በሩን አስነክተው አያውቁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዮ ወደ ቢርካው ጠቆሙ። "በዚህ ሰዓት እዚያ ይቆማል" አሉ፣ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ያህል። "አይገባም። ቆሞ ድምፁን ያሰማኝና ይሄዳል።"

ሳማታር ወደ ቢርካው አየ። ማንም የለም። ጥቁሩ ውሃ ግን ነፋስ ሳይኖር ይርገበገባል። ደረቱ ውስጥ ብርድ ነገር ገባ። ሂባቅ ወተት በብርጭቆ አቀረበችለት። ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"ቀይዋ ግመል ወለደች?" አለ።

ሳማታር የከተማ ልጅ ነው። ግመል ቀርቦ አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ሆዮ ሀምዲያ ግን ሳይደነግጡ፣ "ወለደች፤ ሴት" አሉት፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ምግቡ ሰደዱ። ሂባቅ የያዘችው ብርጭቆ መሬት ወድቆ ወተቱ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ዐብዲዐዚዝ ሲሄድ ቀይዋ ግመል እርጉዝ ነበረች።

ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወንበር ለቀው ተቀመጡ። ጅጅጋ ሊደርሱ ሲሉ ሂባቅ ከቦርሳዋ ትንሽ ቁርኣን አውጥታ ዘረጋችለት።

"በዚህ ማልልኝ። ዐብዲዐዚዝን አግኝተኸው አታውቅም?"

ውዱእ የለኝም አላት። ወርደው በአንድ መስጊድ ግቢ ታጠበና እጁን ጭኖ ማለ። እሱ ሲምል ሂባቅ አፉን ሳይሆን ዓይኑን ነበር የምታየው። አመነችው። ያን ጊዜ ነው የፈራችው።

"እንግዲያው ምንድነህ አንተ?" አለችው በሹክሹክታ።

"አላውቅም" አላት። እጁን ልብሱ ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ሂባቅ እሱም መፍራቱን አይታ አዘነች፤ ፍቅራቸው ከዚያች እዝነት ጀመረ።

*

ሳማታር ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልወጣም። አፉን ለሌላ ሰው ታሪክ በከፈተ ቁጥር ማን እንደሚገባበት አያውቅም። ጋሽ ወልደሥላሴ ለመኑት፤ አለቀሰላቸው እንጂ አልተመለሰም። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ መናገር ከፈራህ የሚናገሩትን አሰልጥን" ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት። አዘጋጅነቱን እንዲህ ጀመረ። ከካሜራው ኋላ ሲሆን አፉ ዝግ ነው፤ ሌላው ይናገራል። ቀስ በቀስ ከትወናው የበለጠ ችሎታ እንዳለው ታየ። የቀድሞው ኮከብ ሌሎችን ኮከብ ማድረግ ያዘ።

ከሂባቅ ጋር በስልክ ይገናኙ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሆዮ ጤና፣ ከዚያ ስለ ሥራ፣ ከዚያ ስለ ምንም። ስለምታዋልዳቸው ሕፃናት ትነግረዋለች፤ አንዳንዱ ሲወለድ ቶሎ አያለቅስም፣ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል አለችው። አንድ ቀን ግን፣ "እስቲ ስሜን ጥራው" አለችው። "ሂባቅ" አላት። በዚያኛው ጫፍ ስታለቅስ ሰማት። ለማን እንደምታለቅስ ገባው። ስልኩን ዘጋ፤ ለብዙ ሳምንትም አልደወለላትም። ሰው ሁሉ ወደ እሱ የሚመጣው ሌላውን ሰው ፍለጋ ነው፤ እሱን ራሱን ማንም አልፈለገም። እንዲህ ነው ያሰበው።

እሷ ደግሞ ስልቹ ወንድ ነው ብላ ተቀየመች። ኋላ ግን አንድ መልእክት ላከችለት።

"ድምፅህን አትላክልኝ፤ ጻፍልኝ። የሚናገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። የሚጽፈው ግን አንተ ነህ። እኔ የናፈቀኝ የሚጽፈው ነው።"

ሳማታር ይህን ሲያነብ ልምምድ ላይ ነበር። ተዋናዮቹ ዳይሬክተራቸው ግድግዳ ዞሮ ሲቆም አይተው የተናደደ መሰላቸው።

ግን ምን ይሆናል? ሂባቅ ባለ ኒካህ ናት። አባቷ ዐብዲኑር ወሬውን ሲሰሙ፣ "የሰው ሚስት ነሽ፤ ስሜን አታስጠሪ" አሏት። ሂባቅ የሸሪዓ ዳኛው፣ ቃዲው ዘንድ ቀርባ ባሏ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉና እንደሞተ ተቆጥሮ እንዲፈረድላት ጠየቀች። ቃዲው እናትየዋን አስጠሩ። ሆዮ ሀምዲያ መጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ "ልጄ ሕያው ነው። ድምፁን እሰማለሁ" ብለው ማሉ።

ቃዲው መዝገቡን ዘጉ። ሂባቅ አሮጊቷን ደግፋ ወጣች፤ እግረ መንገዷን መድኃኒታቸውን ገዛችላቸው። ልትጠላቸው ሞክራ አልቻለችም።

*

በ2016 ሳማታር የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙን ለመሥራት ቡድኑን ይዞ አይሻ ገባ። ፊልሙ ወጥተው ስላልተመለሱት ነው። አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል ያልፋል፤ አሮጌው ጣቢያ ግን ሐዲዱ ዝጎ፣ ግድግዳው ተልጦ፣ ከጂቡቲ በኩል በሚመጣው ትኩስ ነፋስ ያፏጫል። ሆዮ ሀምዲያ ፊልሙ የሚሠራው እዚያ መሆኑን ሲሰሙ ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ደጃፍ ካላየሁ አሉ። ሂባቅ ይዛቸው መጣች።

በመጀመሪያው ጠዋት ባዶውን የመንገደኞች አዳራሽ ድምፅ ሊቀዱ ሁሉም ጸጥ አለ። ፊልም ሠሪዎች የየክፍሉን ዝምታ ለብቻው ይቀዳሉ። የድምፅ ባለሙያው ተሜ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ድንገት ገለጠው።

"ማነው ማይኩ አጠገብ ያለው?" አለ።

ማንም አልነበረም። ማይኩ አዳራሹ መሐል ብቻውን ቆሟል።

"የሚተነፍስ ሰው አለ" አለ ተሜ። "አፉን ከፍቶ ይዘጋል። ሊናገር ፈልጎ የሚተው ሰው ይመስላል።"

ሳማታር መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብሎ ሥራውን አቋረጠ። ወሬው ግን ከአፍታ በኋላ ከጥላው ሥር ከተቀመጡት ከሆዮ ዘንድ ደረሰ። በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

"ያንን ጆሮ ላይ የሚደረገውን ነገር ስጡኝ" አሉ። "አንተም ከዚያ ከብረቱ ፊት ቁም። ልጄን ልጠይቀው ነው። ሕያው ነህ ወይስ ሙት እለዋለሁ። በአንተ አፍ የሚለኝን እቀበላለሁ። ለቃዲውም እሱን እናገራለሁ።"

ሁሉም ሰው ዞሮ ሳማታርን አየ። ሳማታር "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ብሎ ወጣ።

በፊልሙ ውስጥ የጣቢያ ሹም ሆነው የሚጫወቱት ጋሽ ወልደሥላሴ የሹሙን ቆብ እንዳደረጉ ተከተሉት።

"ልጄ" አሉት፣ "እኔ ሃይማኖቴ ሌላ ነው፤ በቃዲያችሁ ነገር አልገባም። ግን እንደ አስተማሪህ ስማኝ። አንዲት ቃል ናት። 'ሞቻለሁ፤ ልቀቋት' በላቸው። እናትየዋ ያርፋሉ። ልጅቷ ነጻ ትወጣለች። አንተም እንዲህ አትከሳም።"

"ውሸት ነው ጋሼ።"

"ስንት ዓመት ስትዋሽ አጨብጭበንልህ የለም እንዴ?" አሉት በፍቅር። "ለዚህች አንዲት እናት ብትዋሽ ምናለበት?"

ሳማታር ወደ ሐዲዱ ዞረ። እውነት ለመናገር፣ ቃሉ ሲያስጎመጀው ተሰምቶታል። እንዴት እንደሚናገረው እንኳ በልቡ ለክቶታል፤ ዝግ ብሎ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሹን እየጨረሰ። ማንም አይጠረጥረውም። ሙያው ያን ቀን ያህል አስጸይፎት አያውቅም።

ሂባቅ ከዛገው የውሃ ታንከር ጥግ ቆማ ነበር። ነፋሱ ጅልባቧን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

"ምን ልትል ነው?" አለችው።

"ምን ልበል?"

"እኔን አትጠይቀኝ!" ጮኸችበት። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ነጻ መሆን እፈልጋለሁ። አንተን እፈልጋለሁ። ይኸው፣ አልኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን ሳማታር፣ በእሱ አፍ ዋሽተህ ብታገባኝ፣ ከሥራ መጥተህ 'እንዴት ዋልሽ' ባልከኝ ቁጥር የገባው ማን እንደሆነ ማወቅ አልችልም። ዕድሜ ልኬን ከሁለት ወንድ ጋር መኖር አልችልም።"

"እውነቱን ከመጣስ? እኔ ሳልሆን እሱ ከመጣስ?"

ሂባቅ አፏን በእጇ ያዘች። ተያዩ። ሁለቱም ያን ያህል ተቀራርበው ቆመው አያውቁም፤ ያን ያህልም ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው አያውቅም።

*

አዳራሹ ውስጥ ሆዮ ሀምዲያ አሮጌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ተሜ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረገላቸው። ሳማታር ማይኩ ፊት ቆመ። ከዚያ የረመዳን ድራማ ወዲህ ማይክ ፊት ቆሞ አያውቅም። የፊልሙ ሠራተኞች በግድግዳው ተለጥፈው ቆሙ። ነፋሱም ያን ጊዜ ጋብ አለ።

"ልጄ" አሉ ሆዮ፣ ልክ ከጓዳ እንደሚጣሩ። "እኔ ነኝ። ሕያው ነህ ወይስ ሙት?"

ሳማታር ብርዱ ከእግሩ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማው። የአይሻ ፀሐይ ጣሪያውን እያቃጠለው የሱ ጣቶች ደነዘዙ። ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ እርጥብ ልብስ የለበሰ ያህል ከበደው። ምላሱ ላይ ጨው መጣ። ከዚያ ቃሉ መጣ። እሱ በልቡ የለካው ቃል አይደለም። ልቀቋትም፣ ሞቻለሁም አይልም። የሕፃን ልጅ ቃል ነው።

እማ፣ በረደኝ።

ጥርሱን ነከሰ። ቃሉ ከጥርሱ ኋላ ይገፋዋል፤ ይለምነዋል። እማ፣ በረደኝ። ሳማታር ዓይኑን ከፍቶ የአሮጊቷን ፊት አየ፤ ሻሻቸው ላይ የተጫነውን ትልቅ ጥቁር ማዳመጫ፣ ከፈት ብሎ የሚጠብቀውን አፋቸውን አየ። ይህን ቃል ሰምተው እንዴት ውለው ያድራሉ? ደግሞስ የማን ቃል ነው? የዚያ ልጅ ነው ወይስ የሱው የራሱ ፍላጎት የሠራው? ለይቶ ማወቅ አልቻለም። ዋጠው። ሲወርድ ጉሮሮውን እንደ በረዶ ላጠው።

ሆዮ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጫን አሉት።

"ትንፋሽህ ተቆረጠ" አሉ ሆዮ። "ምን ዋጥክ?"

"ቃል መጣብኝ ሆዮ" አለ ሳማታር። ድምፁ ሻክሮ ነበር። "የልጅዎ ይሁን የኔ ምኞት ይሁን አላውቅም። ስለማላውቅ አልናገረውም።" አንድ ጊዜ ተነፈሰ። "ሌላም ነገር ይወቁ። እኔ ሂባቅን እወዳታለሁ። ክፉ አልሠራንም፤ ግን እወዳታለሁ። ስለዚህ በዚህ ነገር አፌ ሊታመን አይገባም።"

ከሠራተኞቹ አንዱ "ያ አላህ" አለ። ሂባቅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በሰው ሁሉ ፊት፣ በባሏ እናት ፊት፣ ተነገረ። ከእንግዲህ የሚመለስ ቃል አይደለም።

ሆዮ ሀምዲያ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

"ሊናገር የለመነህ ሰው ነበር?"

"የነበረ መስሎኛል።"

"አንተም ከለከልከው።"

"አዎ።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ሞኝ ነኝ" አሉ። "ይህን ያህል ዓመት ድምፁን ሰማሁ እያልኩ ደስ ሲለኝ ኖርኩ። ልጄ ሕያው ቢሆን የገዛ አፉ የት ሄዶ? ሰው አፍ ካለው የሰው አፍ ለምን ይለምናል?"

ሆዮ ሀምዲያ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፤ ሞት ሲሰማ የሚባለውን።

ቃሉ በአዳራሹ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ጋሽ ወልደሥላሴ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። ያን ጊዜ ነው ሆዮ ያለቀሱት፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ያላለቀሱት እናት ግንባራቸውን በሂባቅ ደረት ደግፈው ጮኹ። ሂባቅ ምጥ እንደያዛት ሴት ወገባቸውን ደግፋ፣ "ይውጣልዎት፣ ሆዮ፣ ይውጣልዎት" ትላቸው ነበር።

ከቀትር በኋላ የአይሻ ሰዎች ተጠርተው መጡ። የማያውቁት ሰው ቢሆንም በሐዲዱ አጠገብ ተሰልፈው፣ ሬሳ በሌለበት፣ ለዐብዲዐዚዝ የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። ሆዮም ነገ ቃዲው ዘንድ ውሰዱኝ አሉ። ሳማታር ከሰጋጆቹ መጨረሻ ረድፍ ቆሞ ነበር። የራሱን ወንድም የሚቀብር ያህል ነው ያዘነው። በደረቱ ውስጥ የነበረው ብርድ ቦታውን ለቆ ነበር፤ የለቀቀው ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ያመዋል። ስንት ዓመት የፈራው እንግዳ ሄዷል። ሲሄድ ግን እንደሚናፍቀው አላሰበም ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን ሂባቅ ወደ እሱ መጣች። ከአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመች።

"ምን ነበር ቃሉ?" አለችው።

"ተይው።"

"በመካከላችን ውሸት አይኑር ብያለሁ። መደበቅም እሱው ነው።"

ሳማታር ወደ መሬት እያየ ነገራት። ሂባቅ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ፈረሰ፤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። የልጅነት እጮኛዋን፣ ውሃ ውስጥ የበረደውን፣ ብዙ ዓመት ሕያውም ሙትም ሳይሆን እየጠበቃት ስትሸሸው የኖረችውን ሰው አለቀሰችው። ሳማታር አጠገቧ ተቀመጠ። አልነካትም፤ ሃይማኖቱም፣ ሀዘኑም አይፈቅድለትም። የሚወዳት ሴት ለሌላ ወንድ ስታለቅስ እየሰማ ቅናት ይመጣ እንደሆነ ልቡን ጠበቀው። አልመጣም። የመጣው እሱም አብሯት ማልቀስ ነው።

ብዙ ቆይታ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አየችው። ከፊቱ ኋላ ማንንም ሳትፈልግ፣ እሱን ብቻ አየችው።

"አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እቀመጥለታለሁ" አለችው። "እንደ ሚስት አለቅስለታለሁ። በዚያ ጊዜ አትደውልልኝ፣ አትጻፍልኝም። እሱን ብቻ ላስበው።" አሸዋውን ከጅልባቧ አራገፈች። "ያን ያህል መጠበቅ ትችላለህ?"

ይህን የጠየቀችው ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት።

"እጠብቃለሁ" አላት። ድምፁ የራሱ ብቻ ሆኖ፣ ቀጭንና ተራ ሆኖ ወጣ። ሂባቅ ሰማችው፤ አወቀችው፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት አልተሰማትም።